ሠላሳ ናሙና ከአንድ ማጣሪያ፤ ስለ ሙከራ አነዳደፋችንና ስለ ስታትስቲክስ አጠቃቀማችን የቀረበ ሒስ

በአካባቢ ምሕንድስና የሚቀርቡትን የመመረቂያ ጽሑፎች አንሥቶ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከተለውን የመሰለ ሥራ ያገኛል። ተማሪው በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ደርድሮ አንድ የውሃ ማጣሪያ ይሠራል፤ ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ያፈስስበታል፤ ከላይ ከሚገባውና ከታች ከሚወጣው ውሃ ለ30 ቀን በየቀኑ ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናውን ላቦራቶሪ አስገብቶ ባክቴሪያውን ይቈጥራል። በመጨረሻም የሁለቱን አማካይ በቲ ፈተና አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የተገኘ አለመሆኑ ተረጋግጧልና ማጣሪያው ለገጠር ቤተ ሰቦች ቢታደል ይጠቅማል ሲል ይደመድማል።

ይህ ብዙ ድካም ያለበት ሥራ ነው። ውሃ መሸከም አለ፤ መብራት ሲጠፋ የማሞቂያው ሣጥን ቀዝቅዞ የአንድ ቀን ሥራ መበላሸት አለ፤ የምርመራ ዕቃ ማጣት አለ። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማንንም ተማሪ ድካም ለማቃለል አይደለም። እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ የመሰለ ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ማዕርግ አግኝቼበታለሁ፤ ጉድለቱንም ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ሒሴ ከራሴ ሥራ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ አንባቢ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ኑዛዜ ቢመለከተው ደስ ይለኛል።

ለማለት የምፈልገው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። በጽሑፎቻችን የሚታየው ዋና ጉድለት የሒሳብ ጉድለት አይደለም። ሒሳቡን ዛሬ ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ እምብዛምም አይሳሳትም። ጉድለቱ የመጀመሪያው ናሙና ከመቀዳቱ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ሳይታሰብ መቅረቱ ነው። ከዚህም የተነሣ የለካነውን ቁጥር ብዛት የሙከራው ብዛት አድርገን እንወስዳለን፤ ቁጥሩም የማያውቀውን ነገር እንዲመሰክር እናስገድደዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መለኪያ ሌላ፣ ሙከራ ሌላ

አንዲት ጠላ ጠማቂ ጌሾውን ከተለመደው ቀን አስቀድማ ብትጨምር ጠላው ይጣፍጥ እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገች እንበል። በአዲሱ ዘዴ አንድ ጋን፣ በዱሮው ዘዴ አንድ ጋን ጠመቀች። ከዚያም ከየጋኑ 30 ዋንጫ እየቀዳች ለ30 እንግዶች አቀመሰች። እንግዶቹ በሙሉ የመጀመሪያው ይበልጣል ቢሉ የተረጋገጠው ምንድን ነው? ያ ጋን ከዚህ ጋን መብለጡ ነው እንጂ ዘዴው ከዘዴው መብለጡ አይደለም። ምናልባት አንደኛው ጋን በወይራ በደንብ ታጥኖ ይሆናል፤ ምናልባት የሁለተኛው ጋን ብቅል ከሌላ ሰው የተገዛ ይሆናል። ዋንጫው 30 ቀርቶ 300 ቢሆንም ይህን ጥርጣሬ አያስወግደውም። ጥርጣሬውን የሚያስወግደው ሌላ ጋን መጥመቅ ብቻ ነው።

የእኛም 30 ናሙና ከአንድ ጋን የተቀዳ 30 ዋንጫ ነው። ጥያቄያችን «ይህ በርሜል ባክቴሪያን ይቀንሳልን?» የሚል ቢሆን ኖሮ 30ው ናሙና በቂ መልስ ነበር። ነገር ግን በማጠቃለያችን የምንጽፈው ስለዚያ በርሜል አይደለም፤ በዚያ ንድፍ ስለሚሠሩት በርሜሎች ሁሉ ነው። የአንዱ በርሜል አሸዋ በደንብ ታጥቧል፤ የሌላው አልታጠበም። በአንዱ ውስጥ ውሃው ከግድግዳው ጋር እየታከከ ቀጭን መንገድ አበጅቶ ሳይጣራ ያልፋል፤ በሌላው አያልፍም። ይህን የበርሜልና የበርሜል ልዩነት አንድ በርሜል ብቻ የሠራ ተመራማሪ ሊያውቀው ቀርቶ ሊገምተው እንኳ አይችልም።

የሥነ ምኅዳር ሊቁ ስቱዋርት ሃርልበርት በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ስሕተት የሐሰት ድግግሞሽ ሲል ሰየመው። 176 የታተሙ የሙከራ ጥናቶችን መርምሮ ከመካከላቸው 27 በመቶ በሚሆኑት ይህን ስሕተት አገኘ፤ የስታትስቲክስ ፈተና የተጠቀሙትን ብቻ ለይቶ ሲመለከት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ስሕተቱ የጀማሪ ተማሪ ብቻ ሳይሆን በታላላቅ መጽሔቶች ላይ የሚጽፉ ምሁራንም ስሕተት መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ግን ለእኛ ማጽናኛ ሊሆን አይገባም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። የማጣሪያን ባክቴሪያ የመቀነስ ኀይል በሎጋሪዝም እንለካ፤ 1 ማለት ወደ ዐሥረኛ መቀነስ፣ 2 ማለት ወደ መቶኛ መቀነስ ነው። በአንድ ንድፍ የተሠሩ ማጣሪያዎች እርስ በርሳቸው በ0.5 መደበኛ ልዩነት ይለያያሉ፣ ከአንድ ማጣሪያ በልዩ ልዩ ቀን የሚወሰዱት ናሙናዎች ደግሞ በ0.3 ይለያያሉ እንበል። ተማሪው 30 ናሙና ለመመርመር የሚበቃ ዕቃ አለው።

በአንድ ማጣሪያ ላይ 30ውን ናሙና ቢያውለው የአማካዩ ትክክለኛ ስሕተት ወደ 0.50 ይደርሳል። ተማሪው ግን 30ውን ናሙና ራሳቸውን እንደ ቻሉ 30 ሙከራዎች ስለሚቈጥር 0.3ን ለ30 ስኩዌር ሩት አካፍሎ ስሕተቴ 0.055 ነው ብሎ ይጽፋል። ይህም ማለት እርግጠኛነቱን ዘጠኝ ጊዜ ያህል አጋንኖታል ማለት ነው። ያንኑ 30 ናሙና በ6 ማጣሪያዎች ላይ ለእያንዳንዱ 5 አድርጎ ቢያከፋፍለው ስሕተቱ ወደ 0.21 ይወርዳል። 10 ማጣሪያ ሠርቶ ከእያንዳንዱ 3 ናሙና ቢወስድ ደግሞ ወደ 0.17 ይወርዳል። የምርመራው ወጪ በሦስቱም መንገድ አንድ ነው፤ የተጨመረው በርሜልና አሸዋ ብቻ ነው። በአንድ ማጣሪያ ላይ ቈይቶ ናሙናውን ከ30 ወደ 300 ቢያሳድገው ግን ስሕተቱ ከ0.50 ፈቀቅ አይልም።

አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቈም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ዕቃ ስላጠረን የሙከራውን ጥራት ማሻሻል አልቻልንም የሚለው የዘወትር ምክንያታችን በዚህ ቦታ አይሠራም። ያለን ዕቃ ይበቃ ነበር፤ ያከፋፈልነው ግን ያለ አሳብ ነው።

ዕጣ ለምን ይጣላል?

ስድስት ማጣሪያ ሠርተን ሦስቱን በአዲሱ ንድፍ፣ ሦስቱን በዱሮው አድርገን እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ማጣሪያ ለየትኛው ቤት ይሰጥ የሚለው ነው። በብዙ ጽሑፎቻችን የዚህ መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ፈቃደኛ የሆኑት ቤተ ሰቦች ተመረጡ ይባላል።

የዚህን አደጋ የሚያሳይ በቂ የታሪክ ምስክር አለ። በ1930 በስኮትላንድ ላናርክሻየር አውራጃ ወተት ለሕፃናት ዕድገት ያለውን ጥቅም ለማወቅ አራት ወር የፈጀ ሙከራ ተደርጎ ነበር። 5,000 ያህል ሕፃናት ጥሬ ወተት፣ 5,000 ያህል ደግሞ በሙቀት የታከመ ወተት በየቀኑ ይጠጡ ነበር፤ 10,000 ያህል ሕፃናት ምንም ሳይሰጣቸው ለማነጻጸሪያ ተመዘኑ። በ20,000 ሕፃናት የተሠራ ሙከራ በብዛቱ ማንንም የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን መምህራኑ፣ አመዳደቡ የተስተካከለ መስሎ ካልታያቸው ልጆቹን እንዲለዋውጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። መምህራኑም ሰዎች ናቸውና የከሱትንና የደኸዩትን ልጆች ወተት ወደሚጠጡት ወገን አዘነበሉ። በውጤቱም ሙከራው ሲጀመር የማነጻጸሪያዎቹ ልጆች በክብደትም በቁመትም ይበልጡ ነበር።

ይህን ጉድለት በ1931 ገልጦ የጻፈው ዊልያም ጎሴት ነው። ጎሴት የደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ ነበር፤ ዛሬ ሁላችን የምንጠቀምበትን የቲ ፈተና በ1908 ሲያሳትም ስሙን ደብቆ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ጽፏል። ስለ ወተቱ ሙከራ የሰጠው አሳብ ሊያስገርመን ይገባል። በ20,000 ልጆች ፋንታ 50 ጥንድ መንትዮች ተመርጠው፣ ከያንዳንዱ ጥንድ ማን ምን እንደሚጠጣ በዕጣ ቢወሰን ኖሮ፣ በጥቂት ወጪ የበለጠ የታመነ መልስ ይገኝ ነበር አለ። የቲ ፈተናን የፈጠረው ሰው በፈተናው ብቻ አልተመካም ማለት ነው። ፈተናው የሚታመነው አመዳደቡ ሲታመን መሆኑን ያውቅ ነበር።

በእኛም ዘንድ ማጣሪያውን በፈቃዱ የሚቀበለው ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ እጁን የሚታጠብ፣ ውሃውን በንጹሕ እንስራ ከድኖ የሚያኖር ቤተ ሰብ ነው። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ተቅማጥ ቢቀንስ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ ማን ያውቃል? ዕጣ የሚጣለው ለሥርዓት ያህል አይደለም። የምናውቀውንም የማናውቀውንም ልዩነት ለሁለቱም ወገን እኩል የሚያካፍል ሌላ መንገድ ስለ ሌለን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ የሚታከል ነገር አለ። ማጣሪያ የተሰጠው ሰው ማጣሪያ እንደ ተሰጠው ያውቃል፤ ጠያቂው ተማሪ በሳምንቱ መጥቶ «ልጅዎ ተቅማጥ ነበረውን?» ሲል ስጦታውን ላለማሳፈር «የለም፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ደኅና ነው» ይላል። ይህ የግምት ወሬ አይደለም። በቤት ውስጥ ውሃን ስለ ማከም በልዩ ልዩ አገር ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል፣ ቤተ ሰቡ እውነተኛውን መድኀኒት ይቀበል ወይም አምሳያውን ሳያውቅ የተሠሩት ጥቂቶቹ፣ እያወቀ የተሠሩት ያሳዩትን ታላቅ ቅነሳ በአብዛኛው አላሳዩም። ስለዚህ የሰው ቃል ብቻ የሚለካበት ጥናት ይህን በግልጽ ጠቅሶ ድምዳሜውን ዝቅ ሊያደርግ ይገባዋል።

ስለ ጆን ስኖው የሚነሣ ጥያቄ

አንድ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። የሙያችን አባት ከሚባሉት አንዱ የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው አይደለምን? እርሱስ ስንት ማጣሪያ፣ ስንት ዕጣ ነበረው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1854 የኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች ቧንቧቸውን በአንድ መንገድ ላይ ጐን ለጐን ዘርግተው ነበር። ላምቤዝ የተባለው ኩባንያ ከ1852 ጀምሮ ውሃውን ከከተማው ፍሳሽ በላይ ካለው የቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳ ነበር፤ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን ከከተማው ውስጥ ይቀዳ ነበር። ስኖው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት የሞቱትን በየቤቱ እየዞረ ቈጠረ። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ውሃ ከሚሰጣቸው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች፣ ላምቤዝ ከሚሰጣቸው 26,107 ቤቶች ደግሞ 98 ሰዎች ሞተው አገኘ። ለ10,000 ቤት ሲሰላ 315 እና 37 ማለት ነው።

በዚህ ሒስ መለኪያ ብንመዝነው ስኖው የነበረው ሁለት ኩባንያ ብቻ ነው። ቤቶቹ በአሥር ሺሕ ቢቈጠሩም «ጋኖቹ» ሁለት ናቸው። ታዲያ ለምን እናምነዋለን? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በአንድ ጐዳና ላይ ሀብታሙም ድኻውም ከሁለቱ ኩባንያዎች ተቀላቅሎ ስለሚቀዳ፣ ነገሩ ዕጣ የተጣለ ያህል ነበር፤ ስኖውም ይህን አስተውሎ ጽፎታል። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ከስምንት እጥፍ በላይ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ልዩነት የቤት አያያዝ ወይም የሰፈር ጠባይ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። ሦስተኛ፣ ምስክሩ አንድ አልነበረም። በዚያው ዓመት በብሮድ ስትሪት ጕድጓድ ዙሪያ ሰው ሲረግፍ፣ የራሱ ጕድጓድ ባለው በአቅራቢያው የድኾች መጠለያ ከነበሩት 535 ነዋሪዎች የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የመጡት ምስክሮች በአንድ ቃል ተስማሙ።

እንግዲህ የምለው ደንብ ጣዖት አይደለም። ሁለት ጋን ብቻ ያለው ሰውም እውነት ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን የጐደለውን ድግግሞሽ በታላቅ ልዩነትና በብዙ ምስክር ማካካስ አለበት። የእኛ ጽሑፎች ልዩነታቸው ትንሽ፣ ምስክራቸው አንድ፣ ጋናቸውም አንድ ሲሆን ግን በስኖው ስም መማለል አንችልም።

ክረምት የሚያመጣው ልዩነት

ሌላው የተለመደ አሠራር «በፊትና በኋላ» የሚባለው ነው። ምንጩ ሳይጐለብት በግንቦት ናሙና ይወሰዳል፤ ከጐለበተ በኋላ በጥቅምት ናሙና ይወሰዳል፤ ልዩነቱም የግንባታው ውጤት ነው ይባላል። በመካከሉ ክረምት አልፏል። የክረምት ጐርፍ የሜዳውን አዛባ ወደ ምንጩ ያጥባል፤ የጥቅምት ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ያጠራዋል። ግንባታው ባይኖርም ኖሮ በሁለቱ ወራት መካከል ልዩነት ይገኝ ነበር።

የአሸዋ ማጣሪያም የራሱ ዕድሜ አለው። በአሸዋው ላይ ባክቴሪያን የሚበላ የረቂቃን ፍጥረታት ሽፋን እስኪበቅል ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት የተወሰደ ናሙናና በአራተኛው ሳምንት የተወሰደ ናሙና የአንድ ማጣሪያ ናሙናዎች አይደሉም ለማለት ይቻላል። ሁለቱን በአንድ አማካይ ውስጥ መደባለቅ የሕፃንንና የጐልማሳን ቁመት ደምሮ የቤተ ሰቡን ቁመት እንደ መናገር ነው።

ከወንዝ ጋር የሚሠሩ ጥናቶችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። እንደ አቃቂ ባለ በከተማ ውስጥ በሚያልፍ ወንዝ ላይ ከአንድ ፋብሪካ በላይና በታች ናሙና ወስዶ ልዩነቱን ሁሉ በፋብሪካው ላይ መጫን ቀላል ነው። ነገር ግን ወንዙ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ሌላ ፍሳሽ ይቀበላል። ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ልዩነቱ ይጠፋ እንደ ሆነ ካልታየ፣ ወይም ፋብሪካ በሌለበት ተመሳሳይ ወንዝ ላይ ያንኑ ያህል ርቀት ተለክቶ ካልተነጻጸረ፣ ክሱ ያለ ምስክር የቀረበ ክስ ነው። ፋብሪካው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱን ያላረጋገጠ ጥናት ግን ጥፋተኛውን ራሱን ነጻ የሚያወጣ ጠበቃ ይሆናል።

መቶኛና አማካይ የሚሸፍኑት

ስለ ውጤት አቀራረብ ሁለት ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ማጣሪያው ባክቴሪያን በ99 በመቶ ቀነሰ ማለት ጆሮ የሚሞላ ቃል ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 10,000 ባክቴሪያ ካለበት ውሃ 99 በመቶው ቢቀነስ ግን 100 ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ ኮላይ ጭራሽ መገኘት የለበትም ይላል። ልጁ የሚጠጣው መቶኛውን ሳይሆን የቀረውን ስለ ሆነ፣ የቀረው ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ መታየት አለበት።

ስለ አማካይም እንዲሁ ነው። አምስት ናሙና ተመርምሮ አራቱ 10፣ አንዱ 10,000 ቢያሳይ ተራው አማካይ 2,008 ነው፤ በሎጋሪዝም የሚወሰደው የብዜት አማካይ ግን 40 ያህል ነው። ተማሪዎቻችን ሁለተኛውን የሚመርጡት ብዙ ጊዜ መምህር ስላዘዘ ወይም ቁጥሩ ስለሚያምር ነው። ማጣሪያው በተለመደው ቀን እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የብዜት አማካይ ይጠቅማል። ሰዎች በጠቅላላው ስንት ባክቴሪያ እንደ ጠጡ ለማወቅ ግን ተራው አማካይ ይሻላል፤ ያቺ አንዲት ክፉ ቀን ቤተ ሰቡን የምታሳምም ናትና። የትኛው ትክክል ነው ሳይሆን የትኛው ጥያቄያችንን ይመልሳል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ያመጣው አዲስ ልማድ

የዱሮዎቹ ጽሑፎች አንዱን ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ማቆም ይወዱ ነበር። በጃር ቴስት፣ ማለትም በስድስቱ ብርጭቆ ሙከራ፣ በመጀመሪያ ፒኤቹን አቁመው የአልሙኒየም ሰልፌቱን መጠን ይለዋውጣሉ፤ ጥሩውን መጠን ካገኙ በኋላ ያንን አቁመው ፒኤቹን ይለዋውጣሉ። ነገር ግን አልሙኒየም ሰልፌት ራሱ ሲጨመር ፒኤችን ይቀንሳል። ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ ናቸውና ተያይዘው መፈተን አለባቸው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1935 ባሳተመው የሙከራ አነዳደፍ መጽሐፍ ብዙ ነገሮችን ባንድ ላይ መለወጥ የሚሻልበትን ምክንያት አስረድቷል።

ዛሬ ግን ወደ ሌላው ዳር ሄደናል። ሽፈራው ወይም የቡና ገለባ ከውሃ ቀለም ወይም ብረት ምን ያህል ያነሣል የሚለውን ለማወቅ፣ በ1960 ቦክስና ቤንከን ያወጡትን ንድፍ ኮምፒዩተሩ ያዘጋጃል፤ ተማሪው 17 ሙከራ ይሠራል፤ ኮምፒዩተሩ ስምምነቱ 0.99 ነው ይላል፤ ሁሉም ይደሰታል። ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው በሦስት ነገሮች ከሚሠሩት ከ17ቱ ሙከራዎች አምስቱ የአንድ የመካከለኛ ነጥብ ድግግሞሽ ናቸው። እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ነጥቦች 13 ብቻ ናቸው። የሚሰላው ቀመር ደግሞ 10 የማይታወቁ ቁጥሮች አሉት። በ13 ነጥቦች ላይ 10 ቁጥር እንደ ልቡ የሚያስተካክል ቀመር ቢስማማ ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው ባይስማማ ነበር። የቀመሩ እውነተኛ ፈተና የተሻለ ነው ያለውን ነጥብ በአዲስ ውሃ እንደገና ሠርቶ ማየት ነው። ይህ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ በብዙ ጽሑፎቻችን ውስጥ የለም።

ለሚቃወሙኝ የምሰጠው መልስ

አንዳንድ መምህራን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መልመጃ እንጂ ምርምር አይሠራምና ይህን ሁሉ ከእርሱ መጠበቅ ከባድ ነው ይላሉ። አሳቡ እውነት አለበት። ነገር ግን መልመጃ ከሆነ ማጠቃለያው ለምን «ለገጠር ቤተ ሰቦች ይታደል» ይላል? በመልመጃ አቅም ሠርቶ በመንግሥት ዐዋጅ ቃል መደምደም አይገባም። አንድ በርሜል የፈተነ ተማሪ «ይህ በርሜል በነዚህ 30 ቀኖች ይህን አደረገ» ብሎ ቢጽፍ ጽሑፉ ትንሽ ግን እውነተኛ ይሆናል።

ሌሎች ደግሞ ታላላቆቹ ጥናቶች እንኳ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ በአነዳደፍ መጨነቅ ከንቱ ነው ይላሉ። በምሳሌነት የሚጠቅሱት በ2018 ውጤታቸው የታተመውን የባንግላዴሽንና የኬንያን ጥናቶች ነው። በባንግላዴሽ 5,551 ነፍሰ ጡሮች በ720 መንደር ምድቦች፣ በኬንያ 8,246 ነፍሰ ጡሮች በ702 ምድቦች ተመዝግበው፣ ውሃን በክሎሪን ማከም፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ በዕጣ ተመደቡላቸው። ሦስቱ ባንድነት ሲሰጡ በባንግላዴሽ የሕፃናት ተቅማጥ ቀነሰ፤ በኬንያ ግን አልቀነሰም። እኔ ግን ይህን የአነዳደፍ ሽንፈት ሳይሆን የአነዳደፍ ድል አድርጌ እቈጥረዋለሁ። በሁለቱም ቦታ የተቈጠረው አሐድ ሴቲቱ ሳትሆን ምድቡ ነው፤ ዕጣው በግልጽ ተጥሏል። ስለዚህ ውጤቶቹ ሲለያዩ «የቱ ተሳሳተ?» ብለን ሳንጨቃጨቅ «ቦታው ምን ለወጠ?» ብለን ለመጠየቅ ቻልን። በአንድ አገር ብቻ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የባንግላዴሽን ውጤት ለዓለም ሁሉ እናውጅ ነበር።

ማጠቃለያ

ፊሸር በ1938 ለሕንድ የስታትስቲክስ ጉባኤ ባደረገው ንግግር፣ ሙከራው ካለቀ በኋላ ወደ ስታትስቲክስ ሊቅ መሄድ የሬሳ ምርመራ እንደ ማስደረግ ነው፤ ሊቁም ምናልባት ሙከራው በምን በሽታ እንደ ሞተ ይናገር ይሆናል የሚል አሳብ ገልጦ ነበር። በእኛ ዘንድ የስታትስቲክስ መምህሩ የሚጠራው ጽሑፉ ሊጠረዝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ይህን ልማድ ለመለወጥ አዲስ ላቦራቶሪም አዲስ ገንዘብም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የጥናቱ አሳብ ለመምህራን ጉባኤ ሲቀርብ አንድ ገጽ መጨመር ነው። በዚያ ገጽ ላይ ተማሪው አራት ነገር ይጻፍ፤ ልደመድም የምፈልገው ስለ ምንድን ነው? የዚያ ነገር ስንት እውነተኛ ድግግሞሽ አለኝ? ማን ወይም ምን ለየትኛው ወገን እንደሚሆን በዕጣ ወስኛለሁን? ካልሆነስ በምን? ከሥራዬ ጋር አብሮ የሚለወጥ ሌላ ነገር፣ እንደ ክረምትና እንደ ማጣሪያው ዕድሜ ያለ፣ አለን? ይህን ገጽ መምህራን ከመጀመሪያው ናሙና በፊት ይመልከቱት፤ ከመልሱ ጋር የማይስማማ ማጠቃለያም በመጨረሻ አይቀበሉ።

እኔ ማጣሪያዬን የሠራሁበት መንደር ሰዎች ውጤቱን ሲጠይቁኝ «ተረጋግጧል» ብያቸዋለሁ። ያመኑኝም ዩኒቨርስቲ የላከኝ ሰው ስለ ሆንሁ ነው። ዛሬ ብጠየቅ «አንዱ በርሜል ሠርቷል፤ ሌላው ይሠራ እንደ ሆነ አላውቅም» እላቸው ነበር። አንድ እንጨት አይነድም ይላል የአገራችን ሰው። አንድ በርሜልም አይመሰክርም።